«ዳንዳ» እና «ደንዲ»፤ በሂንዱ ትውልደ ነገሥት ስለሚገኝ ስም ትርጉምና በስም መመሳሰል ስለሚደረግ ሙግት

፩

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው የአማርኛ አባባል በሁለት መንገድ ሊተረጐም ይችላል። አንደኛው፥ ስም የባለቤቱን ዕጣ አስቀድሞ ይናገራል ማለት ነው። ሁለተኛው ለተመራማሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ነው፤ ይኸውም ሰው የአንዱን ሕይወት ከፈጸመ በኋላ መለስ ብሎ ስሙን ሲመለከት፥ ትርጉሙ ከሥራው ጋር የገጠመ መስሎ ይታየዋል ማለት ነው። በጥንታውያን ትውልደ ነገሥት ውስጥ የሚገኙት ስሞች አብዛኞቹ በእነዚህ በሁለቱ ትርጓሜዎች መካከል የቆሙ ናቸው። ስሙ ታሪኩን ወለደው ወይስ ታሪኩ ስሙን? ይህን ሳይለዩ ስምን እንደ ታሪክ ምስክር መጥራት፥ ምስክሩን ሳያስምሉ ቃሉን እንደ መቀበል ያለ ነው።

የዚህ ሐተታ ጉዳይ «ዳንዳ» የተባለው የሳንስክሪት ንጉሣዊ ስም ነው። ስሙ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። በመጀመሪያ፥ ዳንዳ በየዕለቱ የሚነገር ተራ ቃል ስለ ሆነና ትርጉሙም የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስም እንዴት አድርጎ ታሪክ እንደሚወልድ በግልጥ ያሳያል። ሁለተኛም፥ በምዕራብ ሸዋ ከአምቦ በስተ ምሥራቅ ከሚገኘው ከደንዲ አገር ስም ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ፥ በኢትዮጵያና በህንድ ስሞች መካከል አለ እየተባለ የሚነገረውን ዝምድና ለመፈተን ይመቻል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ የትውልድ ቆጠራ ለሥራ የሚውል ዕውቀት ነው። አንጋፋው ማን እንደ ሆነ፥ በሞጋሳ ወደ ጎሣው የገባው ማን እንደ ሆነ፥ ደም በፈሰሰ ጊዜ የጉማውን ካሣ አብሮ የሚያዋጣው የትኛው ወገን እንደ ሆነ የሚታወቀው በዚሁ ቆጠራ ነው። እንዲህ ባለ አገር ላይ ከሩቅ አገር የመጣ ሐሰተኛ ሐረግ ቢቀጠል፥ ጉዳቱ በመጽሐፍ ላይ ብቻ አይቀርም።

፪

የሂንዱ ድርሳናት የነገሥታትን ትውልድ በሁለት ታላላቅ ሐረጎች ይከፍሉታል። አንደኛው «ሱርያቫምሻ» የተባለው የፀሐይ ሐረግ፥ ሁለተኛው «ቻንድራቫምሻ» የተባለው የጨረቃ ሐረግ ነው። የፀሐይ ሐረግ ከማኑ ይጀምራል፤ ማኑም ኢክሽቫኩን ወለደ ይባላል፤ የራማያና ባለ ታሪክ ራማም ከዚሁ ሐረግ ይቈጠራል።

የኢክሽቫኩ ስም ራሱ ለተመራማሪ ማስጠንቀቂያ ነው። ቪሽኑ ፑራና የተባለው መጽሐፍ፥ ማኑ ባስነጠሰ ጊዜ ኢክሽቫኩ ከአፍንጫው ተወለደ ይላል፤ ይህም ማስነጠስን የሚያመለክተው «ክሹ» የተባለው ግሥ በስሙ ውስጥ ስለሚሰማ ነው። በቡድሃውያን ዘንድ የሚገኘው ትረካ ግን ልደቱን ከሸንኮራ አገዳ ጋር ያያይዘዋል፤ «ኢክሹ» በሳንስክሪት ሸንኮራ አገዳ ማለት ነውና። አንድ ስም ሁለት ልደት አገኘ ማለት ነው። ከሁለቱ ትረካዎች አንዱም ስሙ ከየት እንደ መጣ አያስረዳም፤ ሁለቱም የሚያስረዱት ሰሚዎቹ በስሙ ውስጥ ምን እንደ ሰሙ ነው።

የዳንዳ ታሪክ በራማያና የመጨረሻ ክፍል፥ ኡታራካንዳ በተባለው ውስጥ ይገኛል። ይህን ክፍል ብዙዎቹ ሊቃውንት ከዋናው ድርሰት በኋላ የተጨመረ ነው ይሉታል። ጠቢቡ አጋስትያ ለራማ እንደሚተርክለት፥ ኢክሽቫኩ መቶ ልጆች ነበሩት፤ የሁሉ ታናሽ የሆነው ግን ሞኝና ትምህርት የማይገባው ሆነ። አባቱም በዚህ ልጅ ገላ ላይ አንድ ቀን በትር መውረዱ አይቀርም ሲል «ዳንዳ» ብሎ ሰየመው፤ በቪንድያና በሻይቫላ ተራሮች መካከል ያለውንም አገር ሰጠው። ዳንዳ ሹክራ የተባለውን ብራህማን ካህኑ አድርጎ ነገሠ። አንድ ቀን ግን የካህኑን ልጅ አራጃን በዱር ውስጥ ብቻዋን አገኛት፤ እየለመነችው በግድ ደፈራት። ሹክራም በሰማ ጊዜ ንጉሡን ረገመው። ሰባት ቀን ሙሉ የትቢያ ዝናም ዘነበ፤ ንጉሡ ከነሠራዊቱና ከነአገሩ ጠፋ። ያም አገር ምድረ በዳ ሆኖ «ዳንዳካ» የተባለ ዱር ሆነ።

በዚህ ትረካ ውስጥ ስሙ ከሥራው በፊት ተሟልቶ ይገኛል። ልጁ ገና ምንም ሳያደርግ ፍርዱ በስሙ ተጽፏል። «መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አነጋገር ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያገኝም፤ ስለዚህም ሐያሲው ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። ስምና ዕጣ እንዲህ አለ ቀሪ ሲገጥሙ፥ ከሁለቱ አንዱ በሌላው ልክ የተሰፋ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው።

፫

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሌሎቹን ምንጮች ጐን ለጐን ማቆም ያስፈልጋል። ቪሽኑ ፑራና ከኢክሽቫኩ መቶ ልጆች መካከል ዋናዎቹን ሦስት ሲጠራ ቪኩክሺ፥ ኒሚና ዳንዳ ይላቸዋል። በራማያና የሁሉ ታናሽ የነበረው በዚህ ከታላላቆቹ ጋር ተሰለፈ።

የካውቲልያ የተባለው የመንግሥት አስተዳደር መጽሐፍ አርታሻስትራ ደግሞ፥ ስሜታቸውን መግዛት ስላቃታቸው የጠፉትን ነገሥታት ሲዘረዝር ዳንዳክያ የተባለ ንጉሥ ይጠቅሳል። ይህም ንጉሥ የብራህማን ልጅ ተመኝቶ ከዘመዶቹና ከአገሩ ጋር እንደ ጠፋ ይናገራል። ታሪኩ ያው ነው፤ ሰውየው ግን የኢክሽቫኩ ልጅ አልተባለም፤ ከቦጃዎች ወገን ነው ተባለ። ቦጃዎች በፑራናዎች ዘንድ ከጨረቃ ሐረግ የሚቈጠሩ ናቸው። እንግዲህ አንዱ ንጉሥ በአንዱ መጽሐፍ የፀሐይ፥ በሌላው የጨረቃ ወገን ሆነ።

ሦስተኛው ምንጭ የቡድሃውያን ጃታካ ነው። ሳራባንጋ ጃታካ በተባለው ትረካ ውስጥ ዳንዳኪ የተባለ ንጉሥ ይገኛል፤ ኪሳቫቻ የተባለውን መናኝ ስላዋረደ አገሩ ከሰማይ በወረደ መዓት ጠፋ። በዚህኛው የካህን ልጅ የለችም፤ የፍትወት ኃጢአትም የለም። የንጉሡ በደል የመናኝ ንቀት ሆኗል።

እነዚህን ምንጮች ያስተያየ ሰው የሚያገኘው ውጤት ግልጥ ነው። አባት ይለወጣል፤ የልደት ተራ ይለወጣል፤ ሐረግ ይለወጣል፤ ኃጢአትም ይለወጣል። የማይለወጡት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ስሙና ባድማው። ዳንዳካ የተባለው ዱር ደግሞ በራማያና ዋና ክፍል ውስጥ ራማ የተሰደደበት ስፍራ ሆኖ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው አሳማኝ ግምት፥ መጀመሪያ የነበረው የዱሩ ስም ነው፤ ንጉሡ ለዱሩ ስም ማብራሪያ ሆኖ በኋላ ተገኘ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ደራሲ ለራሱ ትምህርት በሚመቸው ሐረግ ላይ ቀጠለው የሚል ነው። ዱር ንጉሥ ወለደ እንጂ ንጉሥ ዱር አልወለደም።

ይህ ዓይነት አሠራር ለምዕራብ ሸዋ እንግዳ አይደለም። ሜጫ ከሚከፈልባቸው ታላላቅ ወገኖች መካከል አፍሬና ሰደቻ ይገኛሉ። በኦሮምኛ «አፉር» አራት፥ «ሰዲ» ሦስት ማለት ነው። ሞሐመድ ሐሰን በ1990 (ዘመኑ በዚህ ሐተታ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ባሳተሙት የኦሮሞ ታሪክ መጽሐፍ እነዚህን የአራትና የሦስት ወገኖች ቃል ኪዳን አድርገው ያቀርቧቸዋል። ሆኖም በትውልድ ቆጠራ ውስጥ የቃል ኪዳን ስም እንደ አባት ስም ሊቆም ይችላል። ቁጥር አባት ይሆናል፤ ዱርም ንጉሥ ይሆናል። የትውልድ ሐረግ የሚናገረው የሥጋ ልደትን ብቻ ነው ብሎ የሚያነብ ሰው በሁለቱም አገር ይሳሳታል።

፬

ስሙ ከዱሩ የመጣ ነው ማለት ግን ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። «ዳንዳ» የሚለው ቃል በሳንስክሪት ሦስት ዋና ትርጉሞች አሉት። መጀመሪያ በትር ነው፤ የእረኛም፥ የመንገደኛም፥ የተማሪም በትር። ቀጥሎ ቅጣት ነው። በመጨረሻም በጠቅላላው የመቅጣት ሥልጣን፥ ማለት የመንግሥት ኃይል ነው። ስለዚህም የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት «ዳንዳኒቲ»፥ የበትር ሥርዓት ተባለ።

የህንድ ሊቃውንት ስለ ቃሉ ምንጭ ከጥንት ጀምሮ ተከራክረዋል። ያስካ የተባለው ሊቅ ኒሩክታ በተባለው የቃላት መፍቻው ቃሉን ከመያዝ ግሥ ያወጣዋል፤ በዚያው ስፍራ አውፓማንያቫ የተባለው መምህር ግን ከመግራት ነው እንዳለ ይጠቅሳል። አንዱ በትርን የሚያየው ከሚጨብጠው እጅ በኩል ነው፤ ሌላው ከሚመታው በኩል። የዛሬዎቹ የቋንቋ ሊቃውንትም አልተስማሙም፤ ከግሪክኛው «ዴንድሮን»፥ ዛፍ ከሚለው ቃል ጋር የሚያዛምዱት አሉ፤ ከሌላ የህንድ ቋንቋ የተወረሰ ነው የሚሉም አሉ።

ምንጩ የትም ይሁን የት፥ ለትረካው የሚያስፈልገው አጠቃቀሙ ነው። በማኑ ስም የሚጠራው የሕግ መጽሐፍ በሰባተኛው ምዕራፍ ስለ ንጉሥ ሲናገር፥ በትር የተፈጠረው ንጉሥ ፍጥረትን ሁሉ እንዲጠብቅበት ነው ይላል፤ ነገር ግን ልቡን ያልገራ ሰው ሊይዘው የማይችል ብርቱ ነገር መሆኑን አክሎ፥ ከሕግ የወጣውን ንጉሥ ራሱን ከነዘመዶቹ እንደሚያጠፋው ያስጠነቅቃል። የዳንዳ ታሪክ የዚህ ሕግ ሥዕል ነው። በትር የተባለው ንጉሥ በበትር ጠፋ። ከእርሱ በላይ የቆመ ሥልጣን መኖሩን የዘነጋ ባለ ሥልጣን በገዛ ስሙ ተቀጣ። የስሙ ትርጉም እንግዲህ የአንድ ሰው ጠባይ መግለጫ ሳይሆን የፍርድ ቃል ነው፤ የሚናገረውም ለሚነግሡት ሁሉ ነው። ኡታራካንዳን የሚሰማው ራማ ራሱ ንጉሥ መሆኑ በከንቱ አይደለም።

፭

አሁን ወደ ደንዲ መሄድ ይቻላል። ደንዲ በምዕራብ ሸዋ ዞን የሚገኝ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ጊንጪ ናት። ወረዳው በስሙ የሚጠራበት ተራራና ሐይቅ አሉ። ሐይቁ በቀድሞ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሲሆን፥ ሁለት ክብ ውሃዎች በጠባብ አንገት ተገናኝተው ከላይ ሲታዩ የ8 ቁጥርን ቅርጽ ይመስላሉ። ከዚህ በስተ ደቡብ ምዕራብ የወንጪ ሐይቅ አለ።

«ዳንዳ»ና «ደንዲ»ን ሊያዛምድ የሚፈልግ ሰው መንገዱ የተጠረገለት ይመስላል። የሳንስክሪቱ የመጀመሪያ አናባቢ አጭር ስለ ሆነ፥ በፊደል «ደንዳ» ተብሎ ቢጻፍም ስሕተት አይሆንም። እንግዲያውስ ከ«ደንዳ» እስከ «ደንዲ» አንድ የፊደል እግር ብቻ ቀረ ማለት ነው። በተጨማሪም የዳንዳ አገር በመዓት ጠፋ ይባላል፤ ደንዲም በእሳት የፈነዳ ተራራ ነው። ሩቅ አገር የሚያይ ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ይፈልጋል?

ሆኖም ይህ ሙግት በሦስት ስፍራ ይሰበራል። የመጀመሪያው ድምፅ ነው። በሳንስክሪቱ ስም ውስጥ ሁለቱ «ደ»ዎች አንድ አይደሉም፤ ፊተኛው ምላስ ከጥርስ ጋር ተነካክቶ፥ ኋለኛው ምላስ ወደ ላንቃ ተጠቅልሎ የሚነገር ነው። የግእዝ ፊደል ለኋለኛው ምልክት የለውም፤ ስለዚህ ልዩነቱ በጽሕፈት ይጠፋል። በኦሮምኛ በኩል ደግሞ የአናባቢ መርዘምና ማጠር ትርጉም ይለውጣል። በኦሮምኛ «ዳንዲ» ረጅም አናባቢ ይዞ መንገድ ማለት ነው፤ የአገሩ ስም ግን በ1991 በይፋ በተወሰነው በቁቤ ጽሕፈት አጭር አናባቢ ይዞ ይጻፋል። በአንድ ቋንቋ ውስጥ እንኳ እነዚህን ሁለቱን አንድ ናቸው ለማለት ማስረጃ ከተጠየቀ፥ ባሕር ተሻግሮ ለሚመጣው ስም ስንት እጥፍ ይጠየቅ!

ሁለተኛው አጋጣሚ ነው። «ዳንዲ» የሚባል መንደር በህንድ በጉጃራት ባሕር ዳር አለ፤ ማህተመ ጋንዲ በ1930 የጨው ግብርን ተቃውሞ በእግሩ የተጓዘው ወደዚያ ነበር። «ዳንዲን» የተባለ የታወቀ የሳንስክሪት ደራሲም አለ፤ ስሙ ባለ በትር ማለት ነው። በምዕራብ አፍሪካ ደግሞ በኒጀር ወንዝ አጠገብ «ዴንዲ» የሚባል አገር አለ፤ የሶንጋይ መንግሥት በ1591 በሞሮኮ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ቀሪዎቹ የሸሹት ወደዚያ ነው፤ ስሙም በሶንጋይ ቋንቋ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ያለውን አቅጣጫ የሚያመለክት ነው። ድምፅ ብቻ ማስረጃ ከሆነ፥ የጊንጪ ገበሬ፥ የጉጃራት ጨው አውጪና የኒጀር ዓሣ አጥማጅ ወንድማማቾች ሊሆኑ ነው። ብዙ የሚያረጋግጥ ማስረጃ ምንም አያረጋግጥም።

ሦስተኛው የስም ታሪክ ነው። የቦታ ስም ሁልጊዜ ከጥንት የወረደ አይደለም። ለዚህ ከደንዲ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ አምቦ ራሷ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በይፋ «ሀገረ ሕይወት» ትባል ነበር፤ ወሊሶም «ግዮን»። ኋላ ሁለቱም ወደ ቀድሞ ስማቸው ተመለሱ። የዚያን ዘመን ካርታ ብቻ ያገኘ የሩቅ ዘመን ተመራማሪ፥ አምቦን የቈረቈሩት ግእዝ ተናጋሪዎች ናቸው ብሎ ቢጽፍ ስሙ ይመሰክርለታል፤ እውነቱ ግን አይመሰክርለትም። ስም የሥልጣን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የሥልጣንን ሥራ የልደት ማስረጃ ማድረግ አይገባም።

፮

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመጠን ያለፈ ለሚመስለው አንባቢ፥ በኢትዮጵያ ስም ላይ የደረሰውን አንድ እውነተኛ ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በፑራናዎች የዓለም ሥዕል ውስጥ ከሰባቱ ታላላቅ ደሴቶች አንዱ «ኩሻድቪፓ» ይባላል፤ ኩሻ ለመሥዋዕት የሚያገለግል የተቀደሰ ሣር ነው። ከራማ መንታ ልጆች አንዱም ኩሻ ይባላል፤ ሌላው ላቫ ነው። በኡታራካንዳ እንደሚነገረው፥ ሕፃናቱ በተወለዱ ጊዜ ጠቢቡ ቫልሚኪ ለጥበቃ ከሰጠው የኩሻ ሣር የላይኛው ክፍል ለአንዱ፥ የታችኛው ለሁለተኛው ስም ሆነ። አያሌ ሊቃውንት ግን ሁለቱን ስሞች «ኩሺላቫ» ከሚለው ቃል ጋር ያያይዟቸዋል፤ ትርጉሙም አዝማሪ ማለት ነው፤ ልጆቹ ራማያናን የሚያዜሙ ናቸውና።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፍራንሲስ ዊልፎርድ የተባለ በህንድ የነበረ የእንግሊዝ ጦር መኰንን፥ ኤዢያቲክ ሪሰርችስ በተባለው መጽሔት በሦስተኛው ቅጽ ስለ ግብጽና ስለ ዓባይ አገሮች ከሂንዱ መጻሕፍት ተገኘ ያለውን ረጅም ጽሑፍ አወጣ። «ኩሻ»ን ከመጽሐፍ ቅዱሱ «ኩሽ» ጋር አንድ አድርጎ የኩሻድቪፓን አንድ ክፍል አቢሲኒያና ኢትዮጵያ ነው አለ። በ1805 ግን በዚያው መጽሔት በስምንተኛው ቅጽ፥ ይረዳው የነበረው የሳንስክሪት ሊቅ ጥቅሶችን እየለወጠና እየፈጠረ ያቀርብለት እንደ ነበረ ዊልፎርድ ራሱ አስታወቀ። ሊቁ የፈረንጁን ምኞት አውቆ የሚፈልገውን ሰጠው። የሆነ ሆኖ ስሕተቱ በመታወቁ አልሞተም፤ ጆን ሀኒንግ ስፒክ በ1863 ስለ ዓባይ ምንጭ ባሳተመው መጽሐፍ የዊልፎርድን ጽሑፍና ካርታ እንደ ጥንት ዕውቀት ጠቀሰው።

የኩሽ ስም የራሱ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በዕብራይስጥ «ኩሽ» የተባለው አገር በጥንት የግብጽ ጽሑፎች ከ2000 ዓመተ ዓለም ገደማ ጀምሮ ይገኛል፤ የስሙም ጥንታዊ ንባብ ወደ «ካስ» የቀረበ መሆኑን ሊቃውንት ያስረዳሉ። የአክሱሙ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት በጻፈው ጽሑፍ ላይ «ካሱ» ብሎ የሚጠራው ሕዝብም ይኸው ነው። እንግዲህ ስሙ ወደ ኋላ በተጓዘ ቍጥር ከሳንስክሪቱ ሣር እየራቀ ይሄዳል። እውነተኛ ዝምድና ወደ ምንጩ ሲቀርቡ ይጠብቃል፤ ሐሰተኛው ግን ይላላል።

ኢትዮጵያውያን የታሪክ ጸሐፊዎችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1922 ለቻርልስ ሬይ የሰጡትና ሬይ በ1927 ያሳተመው የነገሥታት ዝርዝር፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4000 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወጣል። ጀርመናዊው ሊቅ ማንፍሬድ ክሮፕ እንዳሳዩት ግን ዝርዝሩ ለጥንቱ ክፍል ብዙ ስሞችን የወሰደው ፈረንሳዊው ሉዊ ሞሪዬ በ1904 ካሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። አገር የራሷን ጥንታዊነት ከባዕድ ጸሐፊ ግምት ተበድራ እንደ ርስት መዘገበችው።

በዚህ ስፍራ የባለቅኔውን መብት ከተመራማሪው ግዴታ መለየት ያሻል። በአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1936 የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን የኩሽንና የጥንት ግብጽን ስሞች ከአገሩ ቋንቋዎች ጋር ማገናኘት ይወድ ነበር። ቅኔ በአንድ ድምፅ ሁለት ዓለም ማሰማት ሥራው ስለ ሆነ፥ በሰምና ወርቅ አገር ይህን ነቀፋ ማድረግ ከንቱ ነው። ነቀፋው የሚገባው፥ የባለቅኔውን ወርቅ ወስዶ እንደ ሰነድ ለሚመዘግበው ነው።

፯

በድምፅ መመሳሰል የተዘጋው በር በሐሳብ መመሳሰል ይከፈታል። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት የሥልጣን ምልክቱ «ቦኩ» የተባለው በትር ነው፤ የሚይዘውም አባ ቦኩ ይባላል። ያገቡ ሴቶችም የክብራቸውና የመብታቸው ምልክት የሆነ «ሲንቄ» የተባለ በትር አላቸው። በዕብራይስጥ «ሼቤጥ» የሚለው ቃል በትርም ነገድም ማለት ነው። አማርኛም «በትረ መንግሥት» ይላል። ከብት በሚጠብቁ ሕዝቦች ዘንድ ሁሉ በትር ከእረኛ እጅ ወደ ዳኛ እጅ መተላለፉ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ለዚህም የደም ዝምድና አያስፈልግም። ተመሳሳይ ኑሮ ተመሳሳይ ምሳሌ ይወልዳል።

የዚህ ዓይነት ንጽጽር ጥቅሙ ልዩነትንም ማሳየቱ ነው። በሂንዱው ትረካ በትር የሰው ስም ሆነ፤ ሰውየውም ከበትሩ ጋር ራሱን ስላስተካከለ ጠፋ። በገዳ ሕግ ግን በትሩ የማንም ስም አይሆንም፤ በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ባለ ሥልጣኑ በበትሩ ይጠራል እንጂ በትሩ በባለ ሥልጣኑ አይጠራም። አንደኛው ሥርዓት ሥልጣን ከሰው በላይ መሆኑን በእርግማን ያስተምራል፤ ሁለተኛው በቀን ቀጠሮ ያስፈጽመዋል። ገዳ በ1916 ሳይሆን ዘግይቶ በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር የታየው ክብር ከሩቅ አገር ስም ጋር በመዛመዱ አልተገኘም፤ ከዚህ ከራሱ አሠራር ነው።

በደንዲና በአካባቢው ለሚሠራ ተማሪ ከዚህ የሚወጣው መመሪያ አስቸጋሪ አይደለም። ካርል ኤሪክ ክኑትሶን በ1967 በሜጫ ዘንድ ስላለው የቃሉ ሥርዓት ያሳተመው ጥናት፥ ሥልጣን እንዴት እንደሚሠራ በስፍራው ተገኝቶ መመልከት ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ አሳይቷል። ስለ ስምም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ ስሙ በባለ አገሮቹ አፍ እንዴት እንደሚነገር፥ አናባቢው ረጅም ይሁን አጭር፥ ተነባቢው ይጥበቅ ወይም ይላላ መመዝገብ አለበት። ቀጥሎ በትውልድ ቆጠራው ውስጥ ስሙ የሰው፥ የቦታ፥ የቁጥር ወይም የቃል ኪዳን ስም መሆኑ ይለያል። ሦስተኛም ቆጠራው ለምን ጉዳይ እንደሚጠራ፥ ለጉማ ነው ለርስት ነው ለማዕረግ ነው ተብሎ ይጠየቃል፤ አንዱ ሽማግሌ ለአንዱ ጉዳይ የሚቆጥረው ሐረግ ከሌላው ሊለይ ይችላልና። ከዚህ በኋላ ብቻ ከሌላ አገር ስም ጋር ማስተያየት ይፈቀዳል።

የዳንዳ ስም በዚህ ሥርዓት ሲመረመር ስለ ደንዲ ምንም አልነገረም። ስለ ራሱ ግን ብዙ ተናገረ፤ የዱር ስም ንጉሥ እንደ ወለደ፥ ንጉሡም በየመጽሐፉ አዲስ አባት እንዳገኘ፥ ትርጉሙም ለባለ ሥልጣን ሁሉ የተላለፈ ማስጠንቀቂያ እንደ ሆነ አሳየ። የደንዲም ስም እንዲሁ ስለ ራሱ የሚናገረው አለው። የሚሰማው ግን የሚጠየቀው በደንዲ ሲሆን ነው።